ወይራውና ቅርንጫፎቹ፦ ክርስቲያኖች ስለ አይሁድ መዳን ያሰቡትና ያደረጉት

በ57 ዓ.ም. ገደማ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሐዋርያው ጳውሎስ ቆሮንቶስ ላይ ሆኖ ለሮም ክርስቲያኖች ደብዳቤ ያጽፍ ነበር። ቃሉን እየተቀበለ የሚጽፈው ጤርጥዮስ ነው፤ በመጨረሻው ምዕራፍ ላይ የራሱን ሰላምታ ባያስገባ ኖሮ ስሙን እንኳ ባላወቅነው ነበር። ዛሬ ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ አንድ ብለን በምንቆጥራቸው ምዕራፎች ውስጥ ጳውሎስ ልቡን ሲያስጨንቀው የኖረ ጥያቄ አነሣ። መሲሑን ያስገኘው ሕዝብ አብዛኛው መሲሑን ካልተቀበለ፣ እግዚአብሔር ለአብርሃም የገባው ቃል ምን ሆነ?

ጥያቄው ያለ ምክንያት አልተነሣም። ንጉሠ ነገሥት ቀላውዴዎስ አይሁድን ከሮም አስወጥቶ ነበር፤ አቂላና ጵርስቅላ ቆሮንቶስ የተገኙት በዚሁ ምክንያት እንደ ሆነ የሐዋርያት ሥራ ይነግረናል። ቀላውዴዎስ በ54 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ የተሰደዱት መመለስ ጀመሩ። ብዙ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ ሲመለሱ ያገኙት ጥለውት የሄዱትን ጉባኤ አልነበረም። በሌሉበት ዓመታት ከአሕዛብ የመጡት አማኞች ቤቱን ሞልተውት፣ ባለቤት ሆነው ነበር። ጳውሎስ የወይራውን ምሳሌ የተናገረው ለእነዚህ አዳዲስ ባለቤቶች ነው።

ምሳሌው ግልጽ ነው። መልካም ወይራ አለ፤ ከቅርንጫፎቹ አንዳንዶቹ ተሰበሩ። በቦታቸው ከበረሃ ወይራ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ገባ። ገበሬ በተለምዶ እንዲህ አያደርግም፤ መልካሙን ቅርንጫፍ በዱሩ ግንድ ላይ ያስገባል እንጂ የዱሩን በመልካሙ ላይ አያስገባም። ጳውሎስም ነገሩ ከተፈጥሮ ሥርዓት ውጭ መሆኑን ራሱ ይናገራል። እንግዳው ቅርንጫፍ በተሰበሩት ላይ እንዳይታበይ፣ እሱ ሥሩን እንደማይሸከም፣ ሥሩ እሱን እንደሚሸከም ያስጠነቅቃል። ከዚያም ምሥጢር ወዳለው ነገር ይሻገራል። የእስራኤል መደንደን በከፊል ነው፤ የአሕዛብ ቁጥር እስኪሞላ ድረስ ነው፤ በመጨረሻ እስራኤል በሙሉ ይድናል፤ የእግዚአብሔር ስጦታና ጥሪ አይሻርምና። ቀኑን አይናገርም፤ አካሄዱንም አይዘረዝርም። ምዕራፉን የሚዘጋው የእግዚአብሔር መንገድ ተመርምሮ እንደማይደረስበት በሚናገር ውዳሴ ነው።

ይህን አዘጋግ ልብ እንበለው። በሚቀጥሉት ሁለት ሺህ ዓመታት ክርስቲያኖች ይህን ተስፋ እንደ ጳውሎስ በእግዚአብሔር እጅ ሲተዉት አይሁድ ይተነፍሱ ነበር። ተስፋውን በእጃቸው አስገብተው ራሳቸው ሊፈጽሙት በተነሡ ጊዜ ደግሞ አይሁድ መከራ ያዩ ነበር። ታሪኩን ሳነብ ደጋግሞ የሚታየኝ ይህ ነው።

ከሐዋርያት በኋላ ነገሩ ቶሎ ተለወጠ። በ70 ዓ.ም. የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ፈረሰ፤ በ135 አይሁድ በሮም ላይ ያነሡት የባር ኮክባ ዐመፅ በደም ተደመሰሰ። ፍርስራሹን ያዩ ክርስቲያኖች «ፍርዱን ተቀብለዋል፤ ርስቱም ለእኛ ዞሯል» አሉ። ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ከአይሁዳዊው ትሪፎን ጋር ባደረገው ክርክር እውነተኛው እስራኤል እኛ ነን ሲል ጻፈ። ቢሆንም የጳውሎስ ቃል ከመጽሐፉ አልተፋቀም። ኦሪጀን የሮሜን መልእክት ሲተረጉም በመጨረሻው ዘመን እስራኤል እንደሚድን ተናግሯል። አውግስጢኖስም «የእግዚአብሔር ከተማ» በተባለው ሥራው በሃያኛው መጽሐፍ ላይ፣ ከፍርድ ቀን በፊት ኤልያስ መጥቶ ሕጉን ለአይሁድ እንደሚተረጉምላቸውና እነሱም በክርስቶስ እንደሚያምኑ በምእመናን ዘንድ የታወቀ ነገር አድርጎ ያቀርበዋል።

የእኛ አንባቢ ከቅዳሴያችን የሚያውቃቸው ሁለት አባቶችም እዚህ ውስጥ አሉ። ዮሐንስ አፈወርቅ በ386 እና በ387 አንጾኪያ ላይ ወደ ምኩራብ የሚሄዱ ክርስቲያኖችን ለመገሠጽ ስምንት ስብከቶች ሰብኳል፤ ስለ አይሁድ የተናገረው ቃል እጅግ ከባድ ስለ ነበር ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላም ጥላቻ የሚሰብኩ ሰዎች እየመዘዙ ተጠቅመውበታል። ያው አባት የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም ኤልያስ መጥቶ አይሁድን ወደ እምነት እንደሚመልስ ያስተምራል። የእስክንድርያው ቄርሎስ በ415 አካባቢ በከተማው ከተነሣው ሁከት ጋር ተያይዞ አይሁድን ከእስክንድርያ አስወጥቷል። እሱም ቢሆን እስራኤል በመጨረሻ እንደሚጠራና እንደሚድን ጽፏል። በአንድ አፍ የተስፋና የቁጣ ቃል አብረው ኖሩ። ተስፋው ለሩቁ ቀን ሆነ፤ ቁጣው በጎረቤት ለሚኖረው ሰው ሆነ። አባቶቻችንን ማክበር ይህን ሳያዩ ማለፍ ነው ብዬ አላምንም።

ተስፋው የሰው ሕይወት ያዳነበትን ቀን ለማየት ወደ 1146 እንሂድ። ለሁለተኛው የመስቀል ጦርነት ሠራዊት እየተጠራ ነው። ራዱልፍ የሚባል መነኩሴ ከገዳሙ ወጥቶ በራይን ወንዝ ዳር ከተሞች እየዞረ፣ ወደ ኢየሩሳሌም ከመዝመት በፊት እዚሁ አጠገባችን ያሉትን የክርስቶስ ጠላቶች እንምታ እያለ ይሰብካል። የራይን አይሁድ ይህ ስብከት ምን እንደሚያስከትል ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ከሃምሳ ዓመት በፊት፣ በ1096፣ የመጀመሪያው ጦርነት ዘማቾች በቮርምስና በማይንዝ አባቶቻቸውን አርደው ነበር። ለጦርነቱ ዋናው ሰባኪ የነበረው የክሌርቮው አበምኔት በርናርድ ግን ራዱልፍን በደብዳቤ አወገዘ፤ ደብዳቤው ብቻ ሳይበቃው ራሱ ወደ ጀርመን ወርዶ ማይንዝ ላይ አገኘውና ወደ ገዳሙ እንዲመለስ አደረገው።

የበርናርድ መከራከሪያ ሰብአዊ ርኅራኄ ብቻ አልነበረም። ትልቁ ምክንያቱ ሮሜ ምዕራፍ ዐሥራ አንድ ነው። አይሁድ ከተጨፈጨፉ ለመጨረሻው ቀን የተገባላቸው መዳን ለማን ይፈጸማል ብሎ ጠየቀ። በቦን ከተማ ያደገው ኤፍሬም ያን ጊዜ የ13 ዓመት ያህል ልጅ ሆኖ ከወገኖቹ ጋር በአንድ ምሽግ ተደብቆ ነበር። አድጎ ያን ዘመን በዕብራይስጥ ሲመዘግብ፣ እግዚአብሔር ይህን ካህን ባይልክ ኖሮ ከእስራኤል የሚተርፍ እንደማይኖር፣ ካህኑም ለዚህ ከአይሁድ ምንም ጉቦ እንዳልተቀበለ ጽፏል። መስቀል ያነገበ ሠራዊት ሲመጣ የተደበቀ አይሁዳዊ ልጅ ለአንድ መነኩሴ ምስክር ሆነ! ከዚህ የሚበልጥ ምስክርነት አላውቅም።

በርናርድ ሁሉን ነገር በትክክል አይቷል ማለት አይደለም። አይሁድ በክርስቲያን ነገሥታት ሥር ተዋርደው መኖራቸውን እንደ ተገቢ ነገር ይቆጥር ነበር። ሆኖም በኋላ ለሮም ሊቀ ጳጳሳት ኤውጌንዮስ ሦስተኛ በጻፈው ምክር፣ የአይሁድ ነገር የተወሰነ ጊዜ ስላለው ያን ጊዜ ማንም ቀድሞ ሊያመጣው እንደማይችል አሳስቧል። ይህ ምክር ወደፊት ሌላ የሮም ሊቀ ጳጳሳት እጅ ይገባልና እናቆየው።

ምክሩን ግን ብዙዎች አልሰሙትም። ጊዜውን እንጠብቅ ከማለት ይልቅ ጊዜውን እናፍጥነው ያሉት በረቱ። እንግሊዝ በ1290፣ ስፔን በ1492 አይሁድን አባረሩ፤ ስፔን ያልተጠመቁትን በጥምቀትና በስደት መካከል አስመረጠች። በሮም ሊቀ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ ዐሥራ ሦስተኛ በ1584 ባወጣው ዐዋጅ ጌቶ በተባለው የተከለለ ሰፈር የሚኖሩ አይሁድ ወደ ክርስትና የሚጠራቸውን ስብከት እንዲሰሙ ተገደዱ። ስብከቱ የሚሰጠው በሰንበታቸው ነበር። ብዙዎች ጆሮአቸውን በሰም ደፍነው ይቀመጡ ነበር ይባላል። ይህ ልማድ የቀረው በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽ፣ በጲዮስ ዘጠነኛ ዘመን ነው። ዛሬ ሮም የሄደ ሰው በቲቤር ወንዝ ዳር፣ በትልቁ ምኩራብ አጠገብ፣ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ያያል። ከበሩ በላይ በዕብራይስጥና በላቲን ከኢሳይያስ የተወሰደ ቃል ተጽፏል፤ ለማይታዘዝ ሕዝብ ቀኑን ሙሉ እጁን ስለ ዘረጋ አምላክ የሚናገር ቃል ነው። ከጌቶው በር ሲወጡ እንዲያነቡት የተጻፈ ነበር።

ተሐድሶው ሁለት መንገድ ይዞ መጣ። ማርቲን ሉተር በ1523 ኢየሱስ አይሁዳዊ ሆኖ እንደ ተወለደ በጻፈው መጽሐፍ፣ በደግነት ከቀረብናቸው ብዙዎቹ ይመጣሉ የሚል ተስፋ ነበረው። ሳይመጡ ሲቀሩ በ1543 ምኩራቦቻቸው እንዲቃጠሉ፣ ቤቶቻቸው እንዲፈርሱ የሚመክር መጽሐፍ አሳተመ። በመሐላቸው ያለው ሃያ ዓመት ብቻ ነው። ደግነቱ በምላሹ ጥምቀት የሚጠብቅ ስለ ነበር፣ ጥምቀቱ ሲቀር ደግነቱም አብሮ ቀረ። ካልቪን በበኩሉ «እስራኤል በሙሉ ይድናል» በሚለው የጳውሎስ ቃል ላይ «እስራኤል» የተባለው ከአይሁድም ከአሕዛብም የተሰበሰበው የእግዚአብሔር ሕዝብ በሙሉ ነው ብሎ ተረጐመ። ከእሱ በኋላ የመጡት የእንግሊዝ ፒዩሪታኖችና የጀርመን ፒየቲስቶች ግን የአይሁድ ሕዝብ እንደ ሕዝብ ወደ ክርስቶስ የሚመጣበት ቀን እንዳለ አጥብቀው አመኑ። ፊሊፕ ያኮብ ስፔነር በ1675 ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፉ ይህን ከቤተ ክርስቲያን መልካም ተስፋዎች አንዱ አደረገው። በ1655 ረቢ ሜናሴ ቤን እስራኤል ለንደን ድረስ መጥቶ አይሁድ ወደ እንግሊዝ እንዲመለሱ የአገሪቱን ገዥ ክሮምዌልን ሲለምን፣ ይህን ተስፋ የያዙ ብዙዎች ደግፈውታል። እዚህም ተስፋው በር ከፍቷል።

ታሪኩ ወደ አገራችን የሚገባው በዚህ ተስፋ በኩል ነው። በ1809 ለንደን ውስጥ ክርስትናን በአይሁድ መካከል የሚያስፋፋ ማኅበር ተቋቋመ። በ1841 እንግሊዝና ፕሩሲያ ተስማምተው በኢየሩሳሌም የፕሮቴስታንት ጳጳስ መንበር መሠረቱ፤ የመጀመሪያው ጳጳስ ማይክል ሰሎሞን አሌክሳንደር ከአይሁድ የተወለደ፣ ቀድሞ ረቢ የነበረ ሰው ነው። ሁለተኛው፣ በ1846 የተሾመው ሳሙኤል ጎባት፣ ቀደም ሲል በሚስዮናዊነት ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ጎንደርን ያየ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ የመጡትን የእጅ ባለሙያ ሚስዮናውያን፣ ማርቲን ፍላድን ጨምሮ፣ የላካቸው ይኸው ጎባት ነው።

በ1860 የለንደኑ ማኅበር ሄንሪ አሮን ስተርንን ወደ ኢትዮጵያ አይሁድ፣ ወደ ቤተ እስራኤል ላከ። ስተርን ራሱ በጀርመን ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ ክርስቲያን የሆነ ሰው ነበር። ቴዎድሮስና የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ አቡነ ሰላማ ስብከቱን የፈቀዱት በአንድ ግዴታ ነው፤ ያመኑት ሁሉ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቁ። ሚስዮናውያኑ ተስማሙ። ስለዚህ ከቤተ እስራኤል የወጡት የፕሮቴስታንት ደቀ መዛሙርት በተዋሕዶ ቄስ እጅ ተጠመቁ።

ቤተ እስራኤል ግን የሚጠብቁት የራሳቸው ተስፋ ነበራቸው። ክርስቲያን ነገሥታት ለብዙ መቶ ዓመታት ሲወጉአቸው ኖረዋል። ዐፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዳይወርስ እንዳወጁ በቃል ሲነገር ኖሯል። ክርስቲያኑ ጎረቤታቸውም በክብረ ነገሥት ታቦቱ ከኢየሩሳሌም ወደ አክሱም መምጣቱን፣ የእስራኤል ክብር ወደ ኢትዮጵያ መዛወሩን ሲሰማ ያደገ ነው፤ የወይራው ምሳሌ የሚያስጠነቅቀው መታበይ በእኛም አገር ሥር ነበረው። በ1862፣ የሚስዮናውያኑ ግፊት በበረታበት ጊዜ፣ አባ መሐሪ የሚባሉ የቤተ እስራኤል መነኩሴ የመዳን ዘመን ደርሷል ብለው ብዙ ሕዝብ አስከትለው ወደ ኢየሩሳሌም ተነሡ። ባሕረ ኤርትራ እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈልልናል ብለው ነበር። ትግራይ ላይ ረሃብና በሽታ ፈጃቸው፤ የተረፉት ወደ ኋላ ተመለሱ። የአንዱ ወገን የመዳን ተስፋ የሌላውን ወገን የመዳን ተስፋ ገፍቶ ወደ በረሃ አስወጣው።

ስተርንም ክፉ ቀን ጠበቀው። በ1863 በንጉሡ ፊት አገልጋዮቹ ሲገረፉ ሰቅጥጦት እጁን ወደ አፉ ወሰደ። በአገሩ ወግ ጣት መንከስ የበቀል ዛቻ ነውና እሱም ተይዞ እስኪደማ ተገረፈ። ስለ ኢትዮጵያ ባሳተመው መጽሐፍ ንጉሡን የሚያስቆጣ ነገር ጽፎ ስለ ነበር ነገሩ ባሰ። በሰንሰለት ቆይቶ የተፈታው በሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሲደርስ ነው። ሥራውን በኋላ ከራሳቸው ከቤተ እስራኤል የተወለዱ እንደ ሚካኤል አረጋዊ ያሉ ሰዎች ቀጠሉት። ከዚያ ከ1888 እስከ 1892 «ክፉ ቀን» የተባለው ረሃብ መጣ። ከብቱ አለቀ፤ ሰው ረገፈ፤ ብዙ ቤተ እስራኤል ነፍስ ለማቆየት ሲሉ ከክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ጋር ተቀላቀሉ። በዚህ ሁሉ መንገድ ወደ ክርስትና የገቡት «ፈላሽ ሙራ» የሚል ስም ወጣላቸው፤ ብዙዎቹ ዛሬም ይህን ስም እንደ ስድብ ይሰሙታል።

በዚያው መቶ ዓመት በአውሮፓ ደግሞ ጆን ኔልሰን ዳርቢ የመጨረሻውን ዘመን በየምዕራፉ ከፍሎ የሚያስቀምጥ ትምህርት ይዞ ተነሣ። በ1909 የታተመው የስኮፊልድ መጽሐፍ ቅዱስ ትምህርቱን በግርጌ ማስታወሻ አድርጎ በየቤቱ አስገባው። በ1948 የእስራኤል መንግሥት ሲቆም፣ በ1967 ምሥራቅ ኢየሩሳሌም በእጇ ስትገባ፣ ብዙዎች ሰዓቱ ደረሰ አሉ። በዚህ ትምህርት መሠረት አይሁድ ወደ ምድራቸው ይመለሳሉ፤ ታላቅ መከራ ይመጣል፤ ዘካርያስ ላይ ካለው ቃል በመነሣትም ብዙዎች ሁለት ሦስተኛው ያልቃል፣ የቀረው በክርስቶስ ያምናል ብለው ያስተምራሉ። ይህን ትምህርት በእኛም አዳራሾች ሰምቼዋለሁ፤ ሕዝቡ በእልልታ ሲቀበለውም አይቻለሁ። ወገኖቼ፣ እልል የምንለው በማን ሞት ላይ ነው? እወድሃለሁ ለምንለው ሕዝብ ይህን ያህል ሬሳ ቆጥረን ማስቀመጥ ከጳውሎስ አልተማርነውም። እሱ ለወገኖቹ ሲል ራሱ ከክርስቶስ ተለይቶ የተረገመ ሊሆን የሚመኝ ሰው ነበር።

የእስራኤል መንግሥት ከመቆሙ በፊት ግን ክርስቲያን አውሮፓ ስድስት ሚሊዮን አይሁድ የተገደሉባት ምድር ሆነች። ፈረንሳዊው የታሪክ ሊቅ ዡል ኢዛክ ባለቤቱና ሴት ልጁ በአውሽቪትዝ የሞት ሰፈር ተገድለዋል። በሰኔ 1960 ሰማንያ ዓመት አልፎት ቫቲካን ድረስ ሄዶ፣ ቤተ ክርስቲያን ስለ አይሁድ የምታስተምረውን የንቀት ትምህርት እንድታስተካክል ሊቀ ጳጳሳት ዮሐንስ ሃያ ሦስተኛን ጠየቀ። ሊቀ ጳጳሳቱ ሰሙት። በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ሰነዱ ሲረቀቅ፣ አይሁድ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንደሚገቡ ተስፋ የሚገልጽ ሐረግ በ1964 ገባበት። ከፖላንድ ያመለጠው ረቢ አብርሃም ጆሹዋ ሄሸል፣ ምርጫው ሃይማኖት መለወጥ ወይም ሞት ከሆነ ወደ አውሽቪትዝ ለመሄድ ዝግጁ እንደሆነ ለቫቲካን ጻፈ። ሐረጉ ወጣ። በጥቅምት 1965 በ2,221 ድጋፍና በ88 ተቃውሞ የጸደቀው ሰነድ፣ «ኖስትራ ኤታቴ»፣ የሚለው፣ ሕዝቦች ሁሉ በአንድ ድምፅ ጌታን የሚጠሩበትን፣ እግዚአብሔር ብቻ የሚያውቀውን ቀን ቤተ ክርስቲያን ትጠብቃለች ነው።

የበርናርድ ምክር የተመለሰውም እዚህ ነው። ሊቀ ጳጳሳት ቤኔዲክት ዐሥራ ስድስተኛ በ2011 ስለ ኢየሱስ ባሳተሙት መጽሐፍ ያን ለኤውጌንዮስ የተጻፈ ቃል ጠቅሰው፣ የእስራኤል መዳን በእግዚአብሔር እጅ ያለ ነገር እንደ ሆነ አስረዱ። በ2015 የወጣው የቫቲካን ሰነድ ደግሞ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አይሁድን ለመለወጥ የተቋቋመ ሚስዮን እንደማታካሂድም እንደማትደግፍም አስታወቀ። ሰነዱ ሁለት የመዳን መንገድ አለ አይልም። አይሁድ በመዳን ውስጥ ድርሻ እንዳላቸው አያጠራጥርም፤ ክርስቶስን በግልጽ ሳይመሰክሩ ይህ እንዴት ይሆናል የሚለው ግን የማይደረስበት መለኮታዊ ምሥጢር ነው ይላል። በሚቀጥለው ዓመት የጀርመን ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ አይሁድን የመለወጥ ሚስዮንን ትቷል።

ሁሉም በዚህ አልተስማማም። ስዊድናዊው ክሪስተር ስቴንዳል ጳውሎስ በሮሜ ምዕራፍ ዐሥራ አንድ መጨረሻ ላይ የክርስቶስን ስም አለማንሣቱን አስተውሎ፣ ለእስራኤል የተለየ የእግዚአብሔር ዕቅድ እንዳለ ተከራክሯል። ወንጌላውያን ሊቃውንት ግን በ1989 በዊሎውባንክ ባወጡት መግለጫ፣ ለአይሁድ ወንጌልን አለመስበክ እነሱን ከወንጌሉ ማግለል ነው ብለዋል። ክርክሩን አላቃልለውም፤ የመጀመሪያዎቹ ሰባኪዎች ሁሉ አይሁድ ነበሩ። መመስከር ሌላ ነው፤ ረሃብን፣ ዐዋጅን፣ የርስት ሕግን፣ የጦር ትንቢትን መሣሪያ ማድረግ ሌላ ነው።

በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤል በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲበርሩ፣ አያቶቻቸው የተጠመቁት ወገኖች ቀሩ። ብዙዎቹ መንደራቸውን ጥለው ወደ ጎንደርና ወደ አዲስ አበባ መጥተው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በየጊዜው በሚወጣ የእስራኤል መንግሥት ውሳኔ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሄደዋል። ሲደርሱ በረቢዎች ፊት ወደ ይሁዲነት የመመለሻውን ሥርዓት ይፈጽማሉ። እስራኤል እንዲድን በሚል ተስፋ ከአባቶቻቸው እምነት የወጡ ሰዎች የልጅ ልጆች፣ እስራኤል መሆናቸውን በማስረጃ እንዲያሳዩ ይጠየቃሉ። በሺዎች የሚቆጠሩት እናት ወይም ወንድም እስራኤል አገር እያላቸው ጎንደር ውስጥ በኪራይ ቤት ተራቸውን ሲጠብቁ ዓመታት አልፈዋል።